ሽጉጡ ላይ «22» ይላል፤ ግን የትኛው 22? የአሮጌ ሪምፋየር ሪቮልቨርን ጥይት ስለመለየት

አሮጌ ሪቮልቨር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁሌም አንድ ነገር ነው። «ጥይቱ ምንድን ነው?» መልሱም ቶሎ ይመጣል። «22 ይላል አይደል? በቃ፣ 22 ግዛለት።» ሰውየው አንድ ፓኮ 22 ይገዛል። አንድ ፍሬ ያጎርሳል። ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ያ «ይገባል» የሚለው ነው። የሪምፋየር ጥይት ጠባዩ ልዩ ስለሆነ፣ ልኩ ያልሆነው ጥይትም ብዙ ጊዜ ሰተት ብሎ ይገባል። አንዳንዱ ሲገባ ይላላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ፍጹም የተስማማ ይመስላልና ምላጩ እስኪሳብ ድረስ ምንም ምልክት አይሰጥም። «22» ደግሞ የአንድ ጥይት ስም አይደለም። የቤተሰብ ስም ነው፣ በኢንች መቶኛ የተሰጠ ግምታዊ የውፍረት ቁጥር። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ዘመዳሞች አሉ፤ የአንዱን ቦታ ሌላው ሲይዝ ጉዳቱ ከመክሸፍ እስከ መፈንዳት ይሄዳል።

ከሁሉም በፊት ግን ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በዓይናችሁ እዩ፣ በቀጭን እንጨትም ነካ አድርጉ። በአሮጌ ሽጉጥ ውስጥ ከዝገትና ከደረቀ ቅባት ጋር ተጣብቆ የቀረ ጥይት ቀለሙ ከብረቱ ጋር ስለሚመሳሰል ዓይን ይስታል። አሮጌ መሣሪያ ስለመያዝ ያለው ሕግም ከአገር አገር ይለያያልና እናንተ ያላችሁበት ምን እንደሚል ቀድማችሁ እወቁ።

ሪምፋየር ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ የተተኮሰ የ22 ቀለህ አንሱና ቂጡን ተመልከቱት። መሃሉ ልሙጥ ነው። በትልልቅ ጥይቶች ላይ የምታውቋት ክብ ካፕሱል የለችም። ጠርዙ ላይ ግን አንድ ቦታ ጎድጎድ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ መቺው መርፌ ያረፈበት ነው። የዚህ ጥይት ማቀጣጠያ ያለው እዚያ ነው፣ በጠርዙ ክፍተት ውስጥ። ፋብሪካው ማቀጣጠያውን እርጥብ እያለ ወደ ቀለሁ ይጨምረውና ቀለሁን በፍጥነት ያሽከረክረዋል፤ ሲሽከረከር ወደ ጠርዙ ሄዶ እዚያው ይደርቃል። መርፌው ጠርዙን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ሲጨፈልቀው ይቀጣጠላል።

ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ናሱ ወይም መዳቡ ስስ መሆን አለበት። ስስ የሆነ ነገር ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ትልልቆቹ ጥይቶች ከጊዜ በኋላ ሪምፋየርን ትተው ማቀጣጠያቸውን ወደ መሃል ያዞሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ለእኛ ጉዳይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሪምፋየር ቀለህ ዙሪያውን በብረት ካልተደገፈ የራሱ ጉልበት የለውም። ማጉረሻው፣ ማለት ጥይቱ የሚቀመጥበት ቀዳዳ፣ ከሰፋበት ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ደጋፊ ካጣ ደግሞ ይፈነዳል።

ሽጉጣችሁ ሪምፋየር መሆኑን ለማወቅ መዶሻውን በቀስታ አንሱና አፍንጫውን እዩ። የሚመታው የማጉረሻውን ጠርዝ ከሆነ ሪምፋየር ነው። መሃሉን ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይሆንም። በከበሮው የኋላ ጠርዝ ላይ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ትንሽ ስንጥቅ መሰል ቦይ ካለ ደግሞ ከጎኑ መርፌ የወጣለት የፈረንሳዩ የሌፎሾ ዓይነት ጥይት የሚጎርስ ነው፤ እሱም ሌላ ዓለም ነው። (ከበሮ የምለው ጥይቶቹን ይዞ የሚዞረውን ክፍል ነው።)

ስታዩ መዶሻውን በእጃችሁ ይዛችሁ መልሱት። ባዶውን ምላጭ እየሳባችሁ «ጧ» አታድርጉት። በሪምፋየር ላይ መርፌው የሚመታው ጥይት ሲያጣ የማጉረሻውን ከንፈር ይመታል። ያ ከንፈር ሲጎደጎድ ጥይት በትክክል አይቀመጥም፣ ጠርዙም በደንብ አይጨፈለቅም። ብዙ አሮጌ ሽጉጦች ላይ ይህ ጠባሳ አለ። በማጉሊያ መነጽር ካያችሁት ከየቀዳዳው አፍ ላይ የተነከሰች ትንሽ ቦታ ትታያለች።

ለምንድን ነው ብዙዎቹ ላይ ምንም ያልተጻፈው?

ታሪኩን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። በ1845 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ፍሎቤር ትንሽ ሪምፋየር ጥይት ሠራ። ባሩድ እንኳ አልነበረውም፣ አረሩን የሚገፋው ማቀጣጠያው ብቻ ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሐሳቡን አሳድጎ በ1857 ሰባት ጎራሽ የሆነችውን ትንሿን «ሞዴል 1» ሪቮልቨር ከጥይቷ ጋር አወጣ። ያ ጥይት ዛሬ 22 ሾርት የምንለው ነው። ያኔ ግን «ሾርት» የሚባልበት ምክንያት አልነበረም፤ የሚነጻጸርበት ረጅም ወንድም ገና አልተወለደም።

ሮሊን ኋይት የተባለ ሰው ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳ ከበሮ ላይ በ1855 የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በያንዳንዱ ሽጉጥ 25 ሳንቲም እየከፈለው መብቱን ለብቻው ያዘው። መብቱ በ1869 ሲያበቃ በሩ ተከፈተ። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ እጅግ ብዙ ትናንሽ አምራቾች ርካሽ የኪስ ሪቮልቨር አጎረፉ። አምራቹ የራሱን ስም እንኳ አይጽፍም፤ አንድ የሚያስፈራራ የንግድ ስም ይለጥፋል፣ ጥይቱን ይተወዋል። ያኔ ገዢው ሽጉጡንና ጥይቱን ከአንድ መደርደሪያ ስለሚገዛ መጻፉ አስፈላጊ አልመሰላቸውም። ዛሬ እኛ ግራ የምንጋባው በዚያ ዘመን ልማድ ነው።

የተጻፈውም ቢሆን ያሳስታል። የአንዳንድ ሞዴል 1 አፈሙዝን የላይኛውን ጠርዝ ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ብታነቡ በጥቃቅን ፊደል ሦስት ቀኖች ታገኛላችሁ፤ ኤፕሪል 3 ቀን 1855፣ ጁላይ 5 ቀን 1859 እና ዲሴምበር 18 ቀን 1860። ሰው ይህን አይቶ «የ1855 ሽጉጥ አለኝ» ይላል። አይደለም። የመጀመሪያው የሮሊን ኋይት መብት ቀን ነው፣ ሌሎቹም የፈጠራ መብት ቀኖች ናቸው። ሽጉጡ የተሠራበትንም ሆነ ጥይቱን አይናገሩም።

የቤልጂየም ሥራ ከሆነ ከበሮው ላይ በእንቁላል ቅርጽ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት ከታች ኮከብ ይዘው ይታያሉ። የሊዬዥ ከተማ መፈተሻ ቤት ማኅተም ነው። ሽጉጡ ተፈትኖ ማለፉን እንጂ ጥይቱን አይነግራችሁም። አንበሳና ከሥሩ ፒ እና ቪ የሚሉ ፊደላት ካሉ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው። በጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። ያ ምልክት ከሌለው በጥቁር ባሩድ ዘመን አስተሳሰብ ያዙት።

አንድ ሌላ ነገር። አፈሙዙ ላይ የተጻፈው ትክክል ሆኖ ሽጉጡ ግን ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የ32 ሪምፋየር ጥይት ከገበያ ሲጠፋ አንዳንድ ባለቤቶች አፈሙዙና ከበሮው ውስጥ ቱቦ አስከትተው ወደ 22 አዙረውታል። የድሮው ቁጥር ላዩ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ጽሑፍ መነሻ ነው፣ ልኬት ግን ዳኛ ነው።

የ22 ቤተሰብ

ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ነው፣ ቀስ ብለን እንሂድበት።

ትንሹ የፍሎቤር ዘር ነው። በአውሮፓ 6 ሚሊ ሜትር ፍሎቤር፣ በአሜሪካ ቢቢ ካፕ ይባላል። ለሱ ብቻ የተሠሩ ቀላል የአውሮፓ ሪቮልቨሮችና ሽጉጦች አሉ፤ ብረታቸው ከአሻንጉሊት ብዙም አይሻልም። ቀጥሎ የ1857ቱ ሾርት አለ። ቀለሁ ወደ 10.7 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ከነአረሩ ደግሞ ወደ 17 ሚሊ ሜትር። አረሩ 29 ግሬን ነው፣ 1.9 ግራም ገደማ። በ1871 ሎንግ መጣ፤ አረሩ ያው፣ ቀለሁ ግን 15 ሚሊ ሜትር። ዛሬ ብዙም አይታይም። በ1887 ደግሞ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሎንግ ራይፍል ተወለደ። የቀለሁ ርዝመት 15.6 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ 40 ግሬን ወይም 2.6 ግራም፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 25.4 ሚሊ ሜትር። ዛሬ «22 ስጠኝ» ስትሉ የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

እነዚህ ሦስቱ፣ ሾርት፣ ሎንግ እና ሎንግ ራይፍል፣ ውፍረታቸው እኩል ነው። 5.7 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚለያዩት በርዝመት ነው።

አንድ ሎንግ ራይፍል ጥይት በጣቶቻችሁ መሃል አሽከርክሩት። አረሩና ቀለሁ አንድ ውፍረት ናቸው፤ ጥፍራችሁን ከቀለሁ ወደ አረሩ ብትጎትቱት የሚያደናቅፋችሁ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የአረሩ ቂጥ ብቻ ቀጠን ተደርጎ ወደ ቀለሁ ውስጥ ገብቷል። ጥንታዊ አሠራር ነው፣ በሌሎች ጥይቶች ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ውጤቱ ምንድን ነው? ለዚህ ጥይት ከበሮ የሚበሳ ሰው አንድ መሰርሰሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢያሳልፍ ይበቃዋል። ጥሩ አምራች መሃል ላይ ትንሽ ደረጃ ያስቀምጣል፤ ቀለሁ እዚያ ይቆማል፣ ረዘም ያለው ጥይት አይገባም። ርካሽ አምራች ደረጃውን ይተወዋል። ለሾርት የተሠራው ከበሮ ሎንግ ራይፍልንም ያለ ተቃውሞ ይቀበላል።

ታዲያ በምን እንወቅ? መጀመሪያ የከበሮውን ርዝመት ለኩ። ከ25 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ሎንግ ራይፍል አይደለም። ሞዴል 1 ላይ ሎንግ ራይፍል ብታስገቡ የአረሩ አፍንጫ ከፊት ብቅ ብሎ ከበሮው አይዞርም። ከበሮው ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ምንም አላረጋገጣችሁም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ረጅም ከበሮ ያለው የሾርት ሪቮልቨር ሞልቷል። በብርሃን ወደ ቀዳዳው ውስጥ እዩ፣ ደረጃዋን ፈልጉ። ከኋላው ጠርዝ ደረጃው ድረስ 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሾርት ነው፤ 15 ወይም 16 ከሆነ ሎንግ ወይም ሎንግ ራይፍል ነው። ደረጃ ከሌለ፣ ሽጉጡም ስም የለሽ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የኪስ ሪቮልቨር ከሆነ፣ ሾርት ነው ብላችሁ ተነሱ። እሱንም ለመተኮስ ሳይሆን ለማወቅ ያህል።

በግልባጩስ? ለሎንግ ራይፍል በተሠራ ሪቮልቨር ሾርት መተኮስ ይቻላል። ቀለሁ አጭር ስለሆነ ማጉረሻው ውስጥ ከፊት ለፊቱ የጥላሸት ቀለበት ይተዋል። ካልተጠረገ በኋላ ሎንግ ራይፍሉ አልገባ ይላል።

አሁን ወደ ወፍራሞቹ። ዊንቸስተር በ1890 ያወጣው 22 ደብሊው አር ኤፍ እና በ1959 የመጣው 22 ማግነም ሌላ ጎሳ ናቸው። ውፍረታቸው 6.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ አረራቸውም ቂጡ ሳይቀጥን በሙሉ ውፍረቱ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገባል። የደብሊው አር ኤፍ ቀለህ 24.4 ሚሊ ሜትር፣ የማግነም 26.8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በማግነም ሽጉጥ ደብሊው አር ኤፍ መተኮስ ይቻላል። በደብሊው አር ኤፍ ሽጉጥ ማግነም መተኮስ አይቻልም፤ ግፊቱ የሌላ ዘመን ነው።

ቀጭኑን ሎንግ ራይፍል በወፍራሙ ማጉረሻ ውስጥ ብትጨምሩትስ? ይገባል። ጠርዙም ይይዘዋል። ይተኩሳልም። የወጣውን ቀለህ ስታዩት ግን ሆዱ ተነፍቶ፣ ከጎኑ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ። በዚያ ስንጥቅ የወጣው ትኩስ ጋዝ የሄደው ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ እጅና ፊት ነው። የልዩነቱ መጠን 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። በዓይን አይለይም፣ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህ ስሕተት በብዛት የሚፈጠረው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ አፈሙዛቸው ላይ ከ22 ቀጥሎ ደብሊው፣ አር፣ ኤፍ የሚል ባላቸው አሮጌ ኮልት ሪቮልቨሮች ላይ ነው፤ ሰው ቁጥሩን ያነብና ፊደላቱን ይዘላል። ሁለተኛው ሁለት ከበሮ ይዘው በሚሸጡ ሪቮልቨሮች ላይ ነው፣ አንዱ ለሎንግ ራይፍል፣ አንዱ ለማግነም። ሽጉጡ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ ከበሮ ይጠፋል። አፈሙዙ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለጠፋው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትለኩት አሁን የተገጠመውን ከበሮ ነው።

ስሙ ያው፣ ጉልበቱ ግን ሌላ

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ይህ ነው። ትክክለኛውን ስም አገኛችሁ እንበል፤ 22 ሾርት ነው። ዛሬ የተመረተ 22 ሾርት ገዛችሁ። ስሙ ከ1857ቱ ጋር አንድ ነው። ውስጡ ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ሾርት 4 ግሬን ጥቁር ባሩድ ብቻ ነበር የያዘው። ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ለስለስ ያለ ነው። የዚያ ዘመን ብረትም ለዚያ ግፊት የተሠራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጭስ አልባው ባሩድ ተተካ። ዛሬ በአሜሪካ መለኪያ የሾርት የግፊት ጣሪያ 21,000 ፒኤስአይ (በካሬ ኢንች ፓውንድ) ነው፣ የሎንግ ራይፍል 24,000። አያችሁት? አጭር ነው ማለት ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ ለሞዴል 1 ዓይነት ሽጉጥ «ትክክለኛው ጥይት» በስም 22 ሾርት ቢሆንም፣ የዛሬውን ፈጣን ሾርት አጉርሱበት ማለት አይደለም።

ሁለተኛው መስመር የተሰመረው በ1930 ነው። ያኔ የአሜሪካው አምራች ሬሚንግተን ፈጣን የ22 ጥይት ገበያ ላይ አዋለ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ በፊት የተሠሩት የሎንግ ራይፍል ሪቮልቨሮች ይህን ጥይት አያውቁትም። የቀለሁ ጠርዝ በከበሮው የኋላ ፊት ላይ ሜዳውን ተቀምጦ ነበር፤ ጠርዙ ቢፈነዳ የሚያግደው የለም። አምራቾቹ መልስ ሰጡ። በእያንዳንዱ ማጉረሻ አፍ ላይ ጠርዙ የሚሰምጥበት ክብ ጉድጓድ ቆፈሩ። ኢቨር ጆንሰን ስምንት ጎራሽ ሪቮልቨሩን «ሲልድ» ወይም የታሸገ ብሎ የሰየመው ለዚህ ነው።

ይህን መፈተሽ ቀላል ነው። ከበሮውን ከኋላ በኩል እዩት። ፊቱ ልሙጥ ሜዳ ሆኖ ቀዳዳዎቹ ብቻ ካሉበት የቆየው አሠራር ነው፤ ለመተኮስ ብቁ ነው ቢባል እንኳ ፓኮው ላይ ስታንዳርድ ቬሎሲቲ (መደበኛ ፍጥነት) ከሚለው በላይ አይቅመስ። በየቀዳዳው ዙሪያ የጥይቱን ጠርዝ የሚውጥ ደረጃ ካለ የኋለኛው ነው። እኔ አሮጌ የ22 ሪቮልቨር ሳገኝ ከጽሑፉም በፊት የማየው ይህን ነው።

ከ22 በላይ የሆኑት

30፣ 32፣ 38፣ 41 እና 44 ሪምፋየር የሚባሉ ነበሩ። የማጉረሻቸው ስፋት ወደ ሚሊ ሜትር ሲመለስ በግምት ይህን ይመስላል፤ 30ው 7.4፣ 32ቱ 8.1፣ 38ቱ 9.5፣ 41ዱ 10.3፣ 44ቱ 11.3። ቁጥራችሁ ከነዚህ በአንዱ ዙሪያ ካረፈ ዘሩን አወቃችሁ። 32 እና 38 ደግሞ እንደገና ሾርትና ሎንግ ተብለው ይከፈላሉ።

የነዚህ ታሪክ ደስ ይላል። በ1860 የወጣው 44 ሄንሪ ለሄንሪ ጠመንጃ ነበር የተሠራው፣ በኋላ ግን ሪቮልቨሮችም ጎረሱት። 41ዱን ዝነኛ ያደረገው ከ1866 እስከ 1935 የተመረተው ባለ ሁለት አፈሙዙ ትንሽ የኪስ ሽጉጥ፣ የሬሚንግተን ደሪንጀር ነው። ዛሬ ግን እነዚህን ጥይቶች ፋብሪካ በቋሚነት አያመርታቸውም። የሚገኙት የሰብሳቢ ዕቃ ሆነው ነው።

አደጋው ያለው ባዶ ቦታውን በሌላ ለመሙላት ሲሞከር ነው። 32 ላይ በተለይ። 32 ሾርት ኮልትና 32 ሎንግ ኮልት የሚባሉት መሃላቸው የሚመታ ጥይቶች ከሪምፋየሩ ጋር ልካቸው ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ማርሊን የተባለው አምራች የ1892 ጠመንጃውን መርፌውን በመቀየር ብቻ ሁለቱንም እንዲተኩስ አድርጎ ሠርቶታል። ማርሊን ግን ያንን አስቦ የሠራው ጠመንጃ ነው። በኪስ ሪቮልቨር ላይ እነዚህ ጥይቶች ይገቡና ይከሽፋሉ፤ መርፌው የሚመታው ጠርዝ ላይ ማቀጣጠያ የለም። ያኔ አንዱ «መርፌውን ወደ መሃል ላዙረው» ይላል። አታድርጉት። የዚያ ሽጉጥ ክፈፍ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ለስላሳ ብረት ነው። 38 ሪምፋየር ውስጥ 38 ስፔሻል ለማስገባት መሞከር ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ ቁጥሩ ቢመሳሰልም ጉልበቱ ሌላ ነው።

ልኬቱን እንዴት እንውሰድ?

ካሊፐር ያስፈልጋል። የማጉረሻውን ስፋት ከኋላም ከፊትም ለኩ። ሁሉንም ቀዳዳዎች ለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ሰፍቶ ከተገኘ ድሮ የሆነ ነገር ደርሶበታል ማለት ነው። ከዚያ የከበሮው ርዝመት፣ የደረጃው ጥልቀት፣ የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት። ለአፈሙዙ ንጹሕ ለስላሳ የእርሳስ ብረት በቅባት አድርጎ ከጫፉ ቀስ ብሎ ገፍቶ ማሳለፍና የወጣውን እርሳስ መለካት የቆየ ዘዴ ነው።

ለማጉረሻው ደግሞ ሴሮሴፍ የሚባል ቅይጥ ብረት አለ። ከ71 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የሚፈላ ውሃ ይበቃዋል። እርሳስና ካድሚየም ስላለበት የሚቀልጥበት ዕቃ ከማዕድ ቤት ዕቃ የተለየ ይሁን። ማጉረሻው በደንብ ይጸዳል፣ ከፊት በኩል በጨርቅ ወይም በወረቀት ውታፍ ይዘጋል፣ ትንሽ ሞቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ይፈስሳል። የዚህ ቅይጥ ጠባዩ ይገርማል። መጀመሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይሸማቀቃል፣ ያኔ ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። ከዚያ ቀስ በቀስ መልሶ ያብጣል፣ ከፈሰሰ አንድ ሰዓት ሲሞላው ትክክለኛውን የማጉረሻ ልክ ይይዛል። የምትለኩት ያኔ ነው። አስቀምጣችሁት በማግስቱ ብትለኩት ትንሽ አልፎ ታገኙታላችሁ። እጃችሁ ላይ የምትቀረው ያቺ ብርማ ጣት ደረጃዋን፣ የጭረቷን ጠባሳ፣ ሁሉንም ታሳያለች። በብርሃን ፈልጋችሁ ያላያችሁት ደረጃ እዚያ ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ያልተተኮሰ ጥይትን ግን እንደ መለኪያ አትጠቀሙ። ጥይቱ ጠርዙ ሲጨፈለቅ የሚነሳ ነው፣ በግድ የተዘጋ ከበሮ ደግሞ ጠርዝ ሊጨፈልቅ ይችላል።

ከሽጉጡ ጋር አብሮ የተገኘ ጥይት ካለስ? ቂጡ ላይ ያለውን ፊደል አትመኑ። በ22 ጥይቶች ላይ ፊደሉ የሚነግራችሁ አምራቹን ነው፣ ዓይነቱን አይደለም። ኤች የሚለው የላቲን ፊደል ዊንቸስተር ነው፣ ለሄንሪ ጠመንጃ ፈልሳፊ ለቤንጃሚን ታይለር ሄንሪ መታሰቢያ። ዩ የሚለው ዩኒየን ሜታሊክ ካርትሪጅ የተባለው ኩባንያ ነው። ያው ኤች ፊደል ሾርቱም ላይ ሎንግ ራይፍሉም ላይ አለ። ለዩት ካላችሁ በልኬት ነው። ደግሞም አሮጌ ጥይት ከሽጉጡ ጋር መገኘቱ የዚያ ሽጉጥ መሆኑን አያሳይም፤ አንዱ አያት መሳቢያው ውስጥ የነበረውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ ትቶ ይሆናል። አሮጌዎቹ ማቀጣጠያቸው ሜርኩሪ ነበረበት፣ ናሱን ያሰባብረዋል፣ የሚተኮስ ሳይሆን የሚቀመጥ ነው።

ከልኬቱ በኋላ

የጥይቱ ስም ታወቀ ማለት ሽጉጡ ይተኮሳል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መዶሻው ሲነሳ ከበሮው ጥርቅም ብሎ ይቆማል ወይስ ይንቀዋለላል? የማጉረሻው ቀዳዳና አፈሙዙ ይገጣጠማሉ? ካልተገጣጠሙ አረሩ በአፈሙዙ ጠርዝ እየተላጠ ያልፋል፣ የተላጠው እርሳስም በጎን ይረጫል። ክፈፉ ላይ ስንጥቅ አለ? ይህን የመሣሪያ ጠጋኝ ባለሙያ እጅ ይዞ ይየው፤ ፎቶ አይበቃም። የ1860ዎቹና የ1870ዎቹ ከሆነ የኔ ምክር ግልጽ ነው፣ አትተኩሱት። ዕቃው አንድ ጊዜ ቢሰነጠቅ መልሶ የሚሠራው የለም።

ይተኮሳል ከተባለም፣ ከእነዚህ ሽጉጦች ብዙዎቹ ሲወድቁ የሚያግድ መጠበቂያ የላቸውም። መዶሻው የሚያርፈው በቀጥታ የጥይቱ ጠርዝ ላይ ነው። ሰባት ጎራሹን በስድስት፣ ስድስት ጎራሹን በአምስት አድርጋችሁ መዶሻው ባዶ ቀዳዳ ላይ ይረፍ።

ሁሉንም ካወቃችሁ በኋላ በአንድ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉት። የጥይቱን ሙሉ ስም፣ «22» ብቻ ሳይሆን «22 ሾርት» ወይም «22 ደብሊው አር ኤፍ» ብላችሁ። የማጉረሻውን ስፋትና የደረጃውን ጥልቀት። ማን እንዳየውና መቼ። «ስታንዳርድ ቬሎሲቲ ብቻ» ወይም «አይተኮስም»። ከዚያ በክር ምላጩ መከላከያ ላይ እሰሩት። ነገ መሳቢያውን የሚከፍተው ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ነው፤ እሱም እንደ እናንተ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዘንብሎ «22» የሚለውን ያነባል።